ጠባብ ቤት ውስጥ የአናጢ ሥራ

አናጢነት ለገጠር ኑሮ እጅግ የሚያስፈልግ ሙያ ነው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ በርጩማው፣ በሩ ሁሉ የአናጢ እጅ ሥራ ነው። ነገር ግን ብዙ አናጢዎች ለብቻው የተለየ የሥራ ቤት የላቸውም። የሚሠሩት ወጥ በሚሠራበት፣ ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ ነው።

በምናስተምርበት መንደር አንድ አናጢ አሉ። ያርሳሉ፤ እርሻ ጋብ ሲል እንጨት ይሠራሉ፤ ማታ ከባለቤታቸው ጋር ይማራሉ። ቤታቸው ርዝመቱ 10 ክንድ፣ ወርዱ 8 ክንድ ነው። መጋዙ መደብ ላይ፣ መጥረቢያው ደጃፍ ላይ፣ መሮው ሰጋቱራ ውስጥ ይውል ነበር። አንድ ቀን ትንሹ ልጃቸው መሮ ረገጠ። እግሩን ክፉኛ ቆረጠው። ባለቤታቸው፣ «ይኸ ቤት የሰው ነው የእንጨት? ወይ ዕቃዎን ይሰብስቡ፣ ወይ ሙያውን ይተዉት» አሉ። ሙያው ቢቀር ግን ጨው መግዣም አይገኝ።

እኛም ከትምህርት በኋላ አብረናቸው መከርን። አብዛኛውን ሐሳብ ያመጡት እርሳቸው ናቸው።

አንደኛ፣ የሥራው ቦታ ከምድጃው ርቆ በበሩ አጠገብ ሆነ። እዚያ ብርሃን አለ። ሰጋቱራ ቶሎ እሳት ስለሚይዝ ማታ ማታ ተጠርጎ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ 3 ክንድ ርዝመት፣ 1 ክንድ ወርድ ያለው ወፍራም የዋንዛ ጣውላ በማጠፊያ ብረት ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር ተያያዘ። ሲሠሩ አንሥተው ሁለት እግር ያስደግፉታል። ሲጨርሱ ወደ ታች ያጥፉታል፤ ቦታው ለልጆቹ መኝታ ይሆናል። ከፍታው ቆመው እጃቸውን ወደ ታች ሲለቁ መዳፋቸው የሚያርፍበት ልክ ነው። ከዚያ በጣም ከፍ ካለ በመላጊያ ሲልጉ ትከሻ ያደክማል።

ሦስተኛ፣ «መሬቱ ቢጠብ ግድግዳው ሰፊ ነው» አሉና ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ችካል ተከሉ። መጋዙ ጥርሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይሰቀላል። የመሮው ስለት የቆዳ ሰገባ ተሠራለት። ብረቱ እንዳይዝግ ዘይት በነካ ጨርቅ ይወለወላል።

አራተኛ፣ ጣውላው ከቤት ወጣ። ዝናብ በማያገኘው የጣራ ጥግ፣ ከድንጋይ ላይ ተደረደረ። ይህም ከመሬት እርጥበትና ከምስጥ ያርቀዋል። ነፋስ እንዲገባ በየጣውላው መካከል ቀጫጭን እንጨት ገባ። እርጥብ እንጨት በችኮላ ከተሠራ፣ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል።

በመጨረሻም ከእያንዳንዱ ችካል በላይ የዕቃውን ስም በከሰል ጻፉ፦ መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያ፣ መዶሻ። ስሙ እያለ ዕቃው ከሌለ፣ አንድ ቦታ ወድቋል ማለት ነው። አሁን ከመኝታ በፊት ባለቤታቸው ግድግዳውን ያነብባሉ። «መሮ የለም!» ካሉ መሮው ሳይገኝ ልጆቹ አይተኙም።

ሁሉም ሰው አናጢ አይደለም። ማጭድ፣ ቢላዋ፣ መጥረቢያ የሌለበት ቤት ግን የለም። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ቦታ እንስጠው። ስሙንም በገዛ እጃችን እንጻፍለት።