ሹሉ ጫፍ የት ሄደ?

ባለፈው ሴሚስተር ዐስር ሰግደን ወደ ላብ ስንሮጥ «ምን ይዟችሁ ነው?» ላላችሁን ሁሉ መልሱ ይኸውና፤ የያዘን አንድ ጠብታ ፈሳሽ ክሪስታል ነው።

ስሙ 8ሲቢ ነው። ከክፍል ሙቀት ትንሽ ከፍ ሲል ሞለኪውሎቹ ሰፍ ይዘው ይደረደራሉ። ወደ 34 ዲግሪ ሲደርስ ሰፉ ይፈርሳል፤ ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንደዞሩ ይቆያሉ። ከ40 አለፍ ሲል ደግሞ ከጁሙዓ በኋላ በር ላይ ያለውን ግፊያ አስቡ፤ ሰፍም አቅጣጫም የለም። ንጹሑን ስናሞቅ ካሎሪሜትሩ በሁለቱም ቦታ ሹል ጫፍ ሳለልን። አልሐምዱሊላህ አልን።

ችግሩ የመጣው የሲሊካ ዱቄት ስንቀላቅልበት ነው። ቅንጣቶቹ 7 ናኖሜትር ገደማ ናቸው፤ እርስ በርስ ተያይዘው ፈሳሹ ውስጥ የተዘበራረቀ መረብ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ጫፍ አጠረ፣ ጎበጠ፣ ወደ ዝቅተኛ ሙቀትም ሸሸ። ናሙናውን ያቆሸሽነው መሰለን። አዲስ አዘጋጅተን ለካን፤ ያው ነው። ለማስረከቢያው ስምንት ቀን ቀርቶናል። ከመካከላችን አንዱ «የንጹሑን ግራፍ ትንሽ ገፋ አድርገን ብናስገባውስ? ማን ያውቃል?» አለ። እሺ ለማለት ምን ያህል ቀርበን እንደነበር ስናስበው አሁንም ያሳፍረናል። ሌላኛው ዝም ብሎ ሦስተኛ ናሙና መመዘን ጀመረ። እሱም ጎበጠ። ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ አንድ ዓይነት ባልመጣ ነበር።

መልሱን ያገኘነው ኢምሪና ማ የተባሉ ሁለት ፊዚሲስቶች በ1975 እ.ኤ.አ. ካቀረቡት ሐሳብ ነው። መስጂድ ውስጥ ምሰሶዎች በዘፈቀደ ቆመው አስቡ (በምሰሶ መካከል ስለመስገድ ያለውን ክርክር ለፊቅህ ተማሪዎች ትተን)። እያንዳንዱ ምሰሶ አጠገቡ ያለውን ሰፍ ትንሽ ያጣምመዋል። ሰጋጅ ቂብላ አለው፤ ሞለኪውል ግን አቅጣጫውንም ቦታውንም የሚያገኘው ከጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ጉተታው ደካማ ቢሆንም ጥመቱ እየተጠራቀመ ሩቅ ላይ ሰፉ ይጠፋል። ሹል ጫፍ የሚወጣው የለውጡ ወሬ ከዳር እስከ ዳር ሲደርስ ነው፤ መረቡ ወሬውን መሃል ላይ ቆረጠው።

ግራፉን እንዳለ አስገባነው። ገምጋሚው መነጽራቸውን አውልቀው «ይኼ ለምን ጎበጠ?» ሲሉን ሦስታችንም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመርን።