የሚቆም ሁሉ ሰነፍ አይደለም

ሰው በአገልጋዩ ላይ ለመፍረድ ፈጣን ነው። አገልጋዩ በሥራው ላይ ሳለ በምን እንደሚበረታና በምን እንደሚደክም የሚጠይቀው የለም፤ ሥራውን አቋርጦ የቆመ ዕለት ግን ወዲያውኑ «ሰነፈ፤ ተበላሸ፤ ይለወጥ» ይባልበታል። ይህ ፍርድ በሰው ላይ ሲፈጸም ብዙ ተጽፎበታል፤ እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢያን ልናቀርብ ያሰብነው በአንድ የቤት ዕቃ ላይ ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶት የነበረውን ፍርድ ነው። ዕቃው የቆላ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው የአየር ማቀዝቀዣ፥ በተለምዶ «ኤሲ» የሚባለው ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም በቤታችን የእናታችን ጤንነት የተንጠለጠለበት ስለ ነበረ፥ ትንሽ ነው ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

የምንኖረው በድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም.፥ ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902፥ በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፥ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1200 ሜትር ያህል ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀትሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ዐውቀው በከዚራ ሰፈር የሠሯቸው ቤቶች ጣራቸው ከፍ ያለ፥ ግድግዳቸው ወፍራም፥ በረንዳቸውም ሰፊ ነው። የእኛ የኪራይ ቤት ግን ከዚያ ወዲህ የተሠራ፥ ጣራው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ፥ ግድግዳውም ስስ ብሎኬት ስለ ሆነ፥ ከቀትር በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል።

እናታችን ከፍታዋ ከ2700 ሜትር ከሚበልጠው ከደብረ ብርሃን ወርደው ከእኛ ጋራ መኖር የጀመሩት አባታችን ካረፉ በኋላ ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ የደም ግፊትም አለባቸው። ሐኪማቸው እንደ ነገሩን፥ በዕድሜ የገፋ ሰው ሰውነቱን በላብ ለማቀዝቀዝ እንደ ወጣቱ አይችልም፤ ውሃ ቢያንሰውም ጥማቱ ቶሎ አይሰማውም፤ ስለዚህ ሙቀት ሳያስጠነቅቅ ይጥለዋል። ከዚህ የተነሣ ከደመወዛችን በየወሩ እየቆጠብን ለእሳቸው ክፍል አንድ ማቀዝቀዣ ገዝተን አስተከልን። ሁለት ዓመት ያለ ነቀፌታ አገለገለ። በ3ኛው ዓመት በግንቦት ወር ግን ሥራውን እያቋረጠ ይቆም ጀመር። ሩብ ሰዓት ያህል ይሠራና ዝም ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ማንም ሳይነካው ይነሣል፤ እንደ ገናም ይቆማል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እናታችን ከአልጋቸው ተነሥተው ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ አጥንታቸው አልተነካም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኑ መቆም የቤታችን ዋና ጉዳይ ሆነ።

የሆነውን ከመተረካችን በፊት ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ማስረዳት ይገባናል። ዊሊስ ካሪየር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ ያቀደው፥ ባቡር ወደ ድሬዳዋ በገባበት በዚያው በ1902 ነው። ያቀደውም ለሰው ምቾት ሳይሆን ለወረቀት ነበር፤ በኒውዮርክ በብሩክሊን ይገኝ የነበረ አንድ ማተሚያ ቤት፥ በአየሩ እርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እየሰፋና እየጠበበ ቀለሙ በቦታው አልቀመጥ ብሎት ስለ ተቸገረ ነው። እንግዲህ ብዙ ሰው ይህ ማሽን ብርድ የሚፈጥር ይመስለዋል። ማሽኑ ግን ሙቀትን ከቦታ ወደ ቦታ ያጓጉዛል እንጂ ብርድ አይፈጥርም። በክፍሉ ውስጥ ባለው ቱቦ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ የክፍሉን ሙቀት ይጠጣል፤ በውጭ ያለው ኮምፕሬሰር ጋዙን ጨምቆ ይበልጥ ያግለዋል፤ የውጭው ማራገቢያም ሙቀቱን ወደ አየር ያባርረዋል፤ ጋዙም ቀዝቅዞና ፈሳሽ ሆኖ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በድሬዳዋ ሰው አነጋገር፥ ማሽኑ የባቡር ጣቢያ ኩሊ ነው፤ ሸክሙን ከውስጥ ያነሣል፥ ከውጭ ያወርዳል። ማውረጃ ያጣ ኩሊ ደግሞ ከነሸክሙ መቆሙ የማይቀር ነው።

ይህ ማሽን የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ስለ ሆነ፥ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ በተራ መመርመር ያስፈልጋል። እኛ ትምህርታችን ከ2ኛ ደረጃ ያላለፈ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብንሆንም፥ ከማሽኑ ጋራ የመጣውን መመሪያ እያነበብን በዚሁ ተራ ሄድን። በመጀመሪያ፥ ክፍሉ የታዘዘውን ያህል ሲቀዘቅዝ ማሽኑ ማረፉ ጤንነት እንጂ በሽታ አይደለም፤ በሪሞቱም ላይ የመጥፊያ ሰዓት ተሞልቶለት እንደ ሆነ በሰዓቱ ይቆማል። በእኛ ቤት ግን ማሽኑ ሲቆም የክፍሉ ሙቀት 31 ዲግሪ ነበር፤ የተሞላ ሰዓትም አልነበረም። በሁለተኛ ደረጃ፥ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን የውስጡ ቱቦ በረዶ ይይዘዋል፤ ማቀዝቀዙም ይስተጓጎላል። የእኛው በየ15 ቀኑ በውሃ ስለሚታጠብ ንጹሕ ነበር። በሦስተኛ ደረጃ፥ ከማሽኑ የሚንጠባጠበው ውሃ መውረጃው ሲዘጋ፥ አንዳንዱ ማሽን ውሃው ቤት ውስጥ እንዳይፈስ ራሱን ያጠፋል። የእኛው ውሃ ወደ ውጭ በደንብ ይወርድ ነበር። በአራተኛ ደረጃ፥ የኤሌክትሪኩ ኃይል ከ220 ቮልት እጅግ ዝቅ ሲል ኮምፕሬሰሩ ለመነሣት ይታገላል፤ ሲታገልም ይግላል። የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ አንድ ጎረቤታችን በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ለክቶ ኃይሉ ደኅና መሆኑን አረጋገጠልን። ከዚህ በኋላ የሚቀረው፥ ማለት የጋዝ መጉደል፥ የካፓሲተር መድከምና የኮምፕሬሰር መጋል፥ ለባለሙያ የሚተው ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ እንኳ በካፓሲተሩ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚቆይ ኃይል ስላለ፥ ያልሠለጠነ እጅ የውጭውን ክፍል ከፍቶ ሊነካካው አይገባም።

ባለሙያው ቅዳሜ ጧት መጣ። ጋዙን ለካው፤ ሙሉ ነው። ካፓሲተሩን ለካው፤ ደኅና ነው። የውጭውን ክፍል አየው፤ አቧራ የለበትም። ማሽኑም በፊቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ሠራ። ባለሙያው ጥቂት አሰበና፥ «ኮምፕሬሰሩ ሲግል ኤሌክትሪኩን የምትቆርጥ አንዲት መከላከያ አለች፤ ሌላው ሁሉ ጤና ከሆነ በሽታው እሷ ናት። አርጅታ ያለ ምክንያት ትቆርጣለች። ምትክ እስኪገኝ እሷን አልፌ መስመሩን በቀጥታ ላገናኘው፤ ከዚያ ወዲያ አይቆምም» አለን።

አነጋገሩ ከአእምሮ የራቀ አልነበረም። የቤታችን እመቤትም «ይሁን» አለች። የእናታችንን መውደቅ በዐይኗ ያየች፥ ከወለሉም ያነሣቻቸው እሷ ስለ ሆነች ምክንያቷ ከባድ ነበር። «ማሽኑ ቢቃጠል በገንዘብ ይተካል፤ እሳቸው በምን ይተካሉ?» ስትል ጠየቀችን። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ቀላል አልነበረም። ነገር ግን፥ መከላከያዋ የምትቆርጠው በእውነት ግላ ቢሆንስ? መከላከያ የሌለው ኮምፕሬሰር እስኪቃጠል ድረስ ይሠራል፤ የተከፈተው ሽቦም እሳት ቢያስነሣ፥ የሚነሣው እናታችን ከተኙበት ግድግዳ ማዶ ነው። የሚጮኸውን ውሻ አፉን ማሰር ሌባውን አያርቀውም። ስለዚህ ባለሙያውን አንድ ሳምንት እንዲታገሠን ለመንነው፤ እሱም ሳይቀየም ፈቀደ። በዚያ ሳምንት ማሽኑ በቆመ ቁጥር እናታችን ወደ ሰሜኑ ክፍል እንዲዛወሩ፥ በየሰዓቱ ውሃ እንዲጠጡ፥ እርጥብ ጨርቅም በአንገታቸው ላይ እንዲደረግላቸው ተስማማን፤ ማራገቢያም ከጎረቤት ተዋስን።

በመዝገብ ቤት 12 ዓመት ስንሠራ የተረዳነው አንድ ነገር አለ፤ ያልተጻፈ ነገር እንደ ተናጋሪው ይለዋወጣል፥ የተጻፈ ግን እንደ ሆነው ይገኛል። ስለዚህ 5ኛ ክፍል ለምትማረውና ከቀትር በኋላ ቤት ለምትውለው ልጃችን አንድ ደብተር ገዝተን ሦስት ዓምድ አሰመርንላት፤ አንደኛው የቆመበት ሰዓት፥ ሁለተኛው የተነሣበት ሰዓት፥ ሦስተኛው ልዩ ምልክት የሚል ነበር። ልጅቱም ሥራውን ከብዙ ጸሐፊ ይልቅ በትጋት ያዘችው።

ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን ከፍተን አነበብን። ማሽኑ ጧት አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። መቆም የሚጀምረው ሁልጊዜ ከ7 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላም አይቆምም። እስከዚህ ድረስ «የቀትሩ ሙቀት አሸንፎት ነው» ቢባል ያስኬድ ነበር። በእሑድ ገጽ ላይ ግን የቆመበት ሰዓት በሚለው ዓምድ ምንም አልተጻፈም። እሑድ ደግሞ ከሰሞኑ ሁሉ የበረታ ሐሩር የነበረበት ቀን ነው፤ ማሽኑንም ለመዝገቡ ስንል በወትሮው ሰዓት ስናሠራው ውለናል። በልዩ ምልክት ዓምድ ልጃችን የጻፈችው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «እማማ የሉም።» በእውነትም እናታችን በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደው፥ ሰንበቴ ውለው፥ የተመለሱት ሲመሽ ነበር።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቀን በቀትር ቤት ተገኘን። 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እናታችን ከጓዳ አንድ ጆንያ አንሥተው ወደ ቤቱ ጀርባ ዞሩ። ተከትለን ብናይ፥ ጆንያውን ለሁለት አጥፈው የውጭውን ማሽን ከፊትም ከጎንም ሸፍነው በገመድ ያስሩታል። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው ቀና ብለው፥ «ይህ ምስኪን ቀኑን ሙሉ ለእኔ ሲለፋ ፀሐይ ሲመታው አሳዘነኝ። በአገራችን ለሰው የሚደክም ከብት በቀትር ጥላ ይፈለግለታል እንጂ ፀሐይ ላይ ይታሰራል?» አሉን። በ11 ሰዓትም ፀሐይ ስትበርድ፥ ነፋስ እንዲያገኘው ብለው ይገልጡታል። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። በማሽኑ ላይ ሁለት ዓመት ጥላዋን ጥላበት የኖረችው የጎረቤት የኒም ዛፍ በሚያዝያ ተቆርጣ ነበር፤ ማሽኑም ፀሐይ ላይ ቀረ፤ እናታችንም አዘኑለት። ባለሙያው በመጣበት ጧት ጆንያው ከጓዳ ነበር።

እናታችንን የሚወቅስ ቃል ከማንም አልወጣም። የኩሊውን ምሳሌ ነገርናቸው፤ ማሽኑ የክፍሉን ሙቀት የሚያወርደው በዚሁ በኩል መሆኑን፥ ጆንያው ከዘጋበት ግን የራሱ ትንፋሽ እየተመለሰ እንደሚያፍነው አስረዳናቸው። ጥቂት ዝም አሉና፥ «ለካ አፉን ነው የያዝሁት! እንግዲያው ጥላውን ከፍ አድርጉለት» አሉ። ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ከባለሙያም አይጠበቅም ነበር። አራት ቋሚ ተክለን ከማሽኑ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ሸራ ወጠርንበት፤ ፊቱና ጎኑ ክፍት ሆነ። ባለሙያውም መጥቶ አየውና፥ ጥላ ጠቃሚ መሆኑን፥ አየር መዝጋት ግን ክልክል መሆኑን መሰከረ። መዝገቡን ለጥንቃቄ 30 ቀን አስቀጠልነው፤ የቆመበት ሰዓት በሚለው ዓምድ የተጻፈ ነገር አልተገኘም። እናታችንም ከቀትር በኋላ በሰላም ያንቀላፋሉ።

መከላከያዋ በዚያ ቅዳሜ ተወግዳ ቢሆን ኖሮ፥ ኮምፕሬሰሩ በድርብ ጆንያ ታፍኖ ያለ ማቋረጥ በሠራ ነበር፤ መጨረሻውንም መገመት አያስቸግርም። ሁላችንም የከሰስናት ያች ትንሽ ዕቃ በየቀኑ እውነቱን ስትናገር ነበር። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው።

ይህ ነገር ለማሽን ብቻ የተነገረ አይደለም። ትኩሳት ሰውነት ከበሽታ ጋራ የመታገሉ ምልክት ነው፤ ትኩሳቱን ብቻ ያበረደ ሰው በሽታውን አላዳነም። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን አንድ ጸሐፊ ጉዳዩን ከጠረጴዛው ላይ ሲያቆመው፥ ባለጉዳዩ «ልግመኛ ነው» ይለዋል፤ አለቃውም «አሳልፈው» ይለዋል። ልግመኛ የለም ማለታችን አይደለም፤ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አንዱ ጸሐፊ የሚያቆመው ስለ ሰነፈ ነው፤ ሌላው ግን የጎደለ ፊርማ፥ የማይገጥም ሒሳብ፥ የተፋቀ ቁጥር ስላየ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ቁጣ ሳይሆን ምርመራ ነው። ያለ ምርመራ ሁለቱን እኩል የሚነቅል አለቃ፥ ሰነፉን አስወገድሁ ሲል የቤቱን መከላከያ ይነቅላል።

ስለዚህ በቤቱም ሆነ በሥራው ላይ አንድ ነገር እየቆመ የሚያስቸግረው አንባቢ ቢኖር፥ ከመፍረዱ በፊት ሦስት ነገር ይጻፍ። መቼ ቆመ? ምን ያህል ቆየ? ባልቆመበት ቀንስ ከወትሮው የተለየው ምን ነበር? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ማንም ይጠይቃቸዋል። ሦስተኛው ግን ትዕግሥትን ይፈልጋል፤ ደግ የቆመበትን ቀን ለማየት ክፉውን ሳምንት ሁሉ መጻፍ ግድ ነውና።