ቪዲዮው ይፋግ ሲደርስ

ያን ቪዲዮ የቀረጽኩት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ዝናቡ አባርቶ ታክሲ ጠባቂው ተሰልፏል። አንዲት ሴት የከሰል ምድጃዋን በላስቲክ ከልላ በቆሎ ትጠብሳለች፤ ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። በቆሎ ስገዛት አነጋገሯ የአገሬ ሆነብኝ። «ከወዴት ነሽ?» ስላት «ከሊቦ፣ ከይፋግ ወጣ ብሎ» አለችኝ። እኔም ያደግኩት ይፋግ ነው። ስልኬን አወጣሁና «ላንሳሽ?» አልኳት። ሳቀች፣ አፏንም በነጠላዋ ሸፈነች። ሳቋን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

«የይፋግ ልጅ በአዲስ አበባ ጎዳና» ብዬ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩት። ጎዳና ስል መንገድ ዳር ማለቴ ነበር። ግን እኛ አገር «ጎዳና ወጣች» የሚባለው ቤት አጥታ ውጭ ለምታድር ነው። ስንት ዓመት በቃላት እንጀራ የበላሁ ሰው ይህን አላሰብኩም። ይፋግን የጨመርኩበትም በአገር ልጅነት ኩራት ነው፤ ድሮ የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት ስመ ጥር ገበያ ስለነበር ስሙን በሆነው ባልሆነው ማንሳት እወዳለሁ።

ቪዲዮው በአንድ ሌሊት ተዛመተ። ሰዉ ደግ ነው፤ በአራት ቀን ውስጥ 38 ሺህ ብር ገደማ በቴሌብር ገባ። የገባው ግን በእኔ ቁጥር ነው፤ እሷ በስሟ ሲም ካርድ የላትም። ሲም ካርዱም የባንክ ደብተሩም መታወቂያ ይጠይቃል። የአዲስ አበባ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ከአገሯ ቀበሌ መሸኛ ማምጣት አለባት። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም ቢሆን ሰው የሚመርጠው ከነዋሪነት ተነስቶ ነው። መሸኛውን ለምን እንደማታስልክ ስጠይቃት ዝም አለችኝ። እኔም አልገፋሁም፤ ብሩን ቆጥሬ አስረከብኳትና ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

በጥር 2015 ዓ.ም. ለጥምቀት አገሬ ገባሁ። ከባሕር ዳር ሲመጡ ወረታ ላይ የደብረ ታቦሩን መንገድ በቀኝ ትቶ ወደ አዲስ ዘመን ሲቀጥሉ ይፋግ ይደረሳል። የቤቱን ደጃፍ ገና ሳልረግጥ እናቴ፦

«አንተ ልጅ፣ የሰው ልጅ ጎዳና ወጣች ብለህ በስልክ አወጅህ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ በቆሎ እኮ ነው የምትሸጠው፤ አልለመነችም።»

«እሱን ለናቷ ሂደህ ንገራት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ለእናቷ «ሆቴል ወጥ ቤት ተቀጥሬአለሁ» ብላ ኖራለች። በየሦስት ወሩም በሹፌር እጅ 500 ብር ትልካለች። መሸኛ ያላስላከችውም ወሬው እንዳይወጣ ነው። አንድ ጎረምሳ ቪዲዮውን አዲስ ዘመን ላይ በሜሞሪ ጭኖ አምጥቶ በገበያ ቀን ለሰው ሁሉ አሳየው። የማላውቀው ሰው ከሥሩ የበገና መዝሙር ጨምሮበታል።

እናቷ ዘንድ የሄድኩት ስድብ ሊወርድብኝ ነው ብዬ ነበር። ቡና አፈሉልኝ። አቦሉን ጠጥቼ ሳበቃ «ልጄ የምትተኛበት ቤት በር አለው?» ብለው ጠየቁኝ። ላብ አሰመጠኝ። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ቀርጫታለሁ፤ ስለ ከሰል ዋጋ፣ በደንብ አስከባሪ ስለ መሳደድ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቄያታለሁ። የት እንደምታድር ግን አልጠየቅኳትም። «አላውቅም፣ እትዬ» አልኩ።

እንዲህ ያለ ስሕተት የማውቀው ጉዳይ ነው ብል ይሻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት ይከለክላል። የሞባይል ስልክ ባልነበረበት ዘመን የተጻፈ ነው። በአዳራሽ ሥልጠና ላይ ለሌሎች አስተምሬዋለሁ እንኳን። ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም መንግሥት ያንቀጠቀጠ ነው፤ ሥዕል ኃይል አለው ብለን እሱን እየጠቀስን ነው ያደግነው። በፊልሙ ውስጥ የታዩት ሰዎች ቤተሰቦቻቸው እንዳያዩአቸው የሚፈልጉት ነገር ይኖር ይሆን ብሎ የጠየቀ መምህር ግን አልገጠመኝም። በበኩሌ፣ ስብሰባ ላይ ስንቀመጥ ስለ «እይታ» ቁጥር የምናወራውን ያህል ስለዚህ አውርተን አናውቅም።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ አጠፋሁት። የእኔ ገጽ ላይ ጠፋ እንጂ ሌሎቹ ዘንድ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ እኔ ተቃውሜ እየጻፍኩ ሳለ እሷ «እኔስ ዐረፍኩ» አለችኝ። ሁለታችንም ልክ ነበርን መሰለኝ።

ወደ ጥር ልመለስ። ከአገር በመጣሁ በማግሥቱ ሄጄ ፈለግኳት፤ ቦታዋን ቀይራ ነበር። ይቅርታ ስላት በቆሎ ስለሌለ ቆሎ ሰፈረችልኝ። «ብሩ መልካም ነበር፤ ዕዳ ከፈልኩ፣ የስድስት ወር ኪራይ ከፈልኩ። ድሮ ለእናቴ ስደውል ስለ ሆቴሉ እየፈጠርኩ እነግራታለሁ፤ ደስ ይላታል። አሁን ስደውል የምናወራው ጠፋን» አለችኝ። ከዚያ የምታድርበትን አሳየችኝ፦ ከሦስት ሴቶች ጋር በደባልነት የተከራየችው አንድ ክፍል።

ማታ ለእናቷ ደወልኩ። «በር አለው፣ እትዬ፤ የቆርቆሮ ነው፣ ቁልፍም አለው» አልኳቸው።

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» አሉኝ።