መጋዘን ሊተኛበት ነው

ከአዳማ በጠዋት ተነሥተን፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አልፈን ላንጋኖ ምሥራቅ ዳርቻ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። ሐይቁ እንደ ልማዱ ቡናማ ነው። ለማያውቀው ሰው ትናንት ጎርፍ የገባበት ይመስላል፤ በጋም ክረምትም መልኩ ይኸው ነው።

አብሮኝ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ከአርሲ ተራሮች ግርጌ አንድ የቆየ የእህል መጋዘን ተከራይቶ ስምንት የእንግዳ መኝታ ሊያደርገው አስቧል። እኔን ያመጣኝ ሜትር እንድይዝለት ነው።

መጋዘኑን ያየ ይወደዋል። የድንጋይ ግድግዳ፣ ሰፊ በር፣ ፊት ለፊት ውሃው። ጥበቃው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው።

«ኦቦ፣ እዚህ ቤት ውሃ ገብቶ ያውቃል?»

«ኧረ የለም!» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ጆንያውን ግን ሁልጊዜ ርብራብ ላይ ነው የምንደረድረው» ሲሉ ጨመሩ። ለምን ብንላቸው፣ «ከሥር እንዳይረጥብ።»

ግድግዳው በኖራ ተቀብቷል። ከበሩ ጀርባ፣ ቀቢው ብሩሹን ያላስገባበት ጥግ ላይ ግን ቡናማ መስመር አለ። ለካሁት፤ ከወለሉ 43 ሳንቲ ሜትር። የአክስቴ ልጅ ሶኬት ሊያስገባ ያሰበው 30 ላይ ነው።

መጀመሪያ የፈራሁት ሐይቁን ነበር። የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ ሲሰፋ፣ መንገዱንም ሐዲዱንም ሲያስጨንቅ ኖሯል። በሰቃ ግን በራሱ የሚተነፍስበት መውጫ የለውም። ላንጋኖ አለው፤ ሲሞላ በሆራ ቀሎ በኩል ወደ አብጃታ ያፈስሳል። ስለዚህ ዓይኔን ከሐይቁ ላይ አንሥቼ ወደ ተራራው አዞርኩ። ሁሉቃንና ገደምሶን የመሰሉ ወንዞች የሚመጡት ከዚያ ነው።

ከመጋዘኑ ጀርባ ደረቅ አሸዋ የተነጠፈበት ፈፋ አለ፤ ኦቦ «ለጋ» ነው የሚሉት፣ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ጠብታ የሌለበትን ነገር ወንዝ ማለታቸው ገርሞኝ ቀና ስል፣ ከራሴ በላይ የግራር ቅርንጫፍ ላይ ደረቅ ሣርና ፌስታል ተጠምጥሟል።

«ነፋስ ያመጣው ነው» አለ የአክስቴ ልጅ።

ነፋስ ፌስታል ይሰቅል ይሆናል፤ ሣር ግን እንደ ገመድ አይጠመዝዝም። ኦቦ ሳቁና እጃቸውን ወደ አርሲ ዘረጉ። «እዚህ ፀሐይ ነው። እዚያ ይዘንባል። ከዚያ ይመጣል።»

ክርክራችን የተነሣው እዚህ ላይ ነው። «መጋዘኑ ይህን ሁሉ ዘመን ቆሟል አይደል?» አለኝ። ቆሟል። እስከ ዛሬ ያደረው ግን እህል ነው። ጆንያ ቢረጥብ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ቢበላሽ ይጣላል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ደግሞ አገሩን አያውቅም፣ በሩን ቆልፎ ይተኛል፣ ልጅም ይዟል። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ድሬዳዋን የመታው ሰው በተኛበት ሰዓት ነበር፤ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ጎርፉ ያው ቢሆንም፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሲለወጥ አደጋውም ይለወጣል።

ለፈቃድ ያሠራውን ፕላን መኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋልኝ። ሕንፃን ለሌላ አገልግሎት ማዋል ፈቃድ ይጠይቃልና በዚህ በኩል አላጠፋም። ክፍልፋዮቹ፣ መጸዳጃው፣ የመኪና ማቆሚያው ሳይቀር በሥርዓት ተሥለዋል። ለጋው የለም። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የተቀመጠው ደግሞ ለጋው ከሚታጠፍበት ቦታ አሥር እርምጃ ላይ ነው። መውጫው አንድ በር ብቻ ሲሆን የሚከፈተውም ወደ ዝቅታው ነው። የሁለት ዓመት ኪራይ ቀድሞ ከፍሏልና ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ አልፈረድኩበትም።

ያሳመነው የእኔ ሜትር አይደለም። ስንወጣ «ኦቦ፣ እርስዎ የት ነው የሚያድሩት?» አላቸው። ጎጇቸውን አሳዩን፤ ከሚጠብቁት መጋዘን 60 እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጉብታው ላይ።

ባቱ ላይ ዓሣ እየበላን ተስማማን። አልጋው በሙሉ ወደ ጉብታው ይወጣል፣ ክፍሉም ከስምንት ወደ አምስት ይወርዳል። መጋዘኑ ቀን ብቻ የሚሠራ ምግብ ቤት ይሆናል፤ ሶኬቱ አንድ ሜትር ላይ፣ ሁለተኛ በርም በከፍታው በኩል። ፕላኑን እንደገና ያሠራል። በዚህኛው ላይ ለጋው ይሣልበት ብዬዋለሁ።