ከእህል በረንዳ እስከ አይሮፕላን በር

መርካቶን የሚያውቅ አንባቢ እህል በረንዳን ሳያውቅ አይቀርም። አላውቅም የሚል ቢኖር እንኳ፣ የበላው እንጀራ ጤፉ በዚያ በኩል አልፎ እንደ መጣለት አይጠራጠር። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ነው። ከዶሮ ጩኸት በፊት የሚቀሰቅሰኝ ከጎጃም፣ ከአርሲና ከባሌ እህል ጭኖ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ የመኪና ጩኸት ነበር። በሩን ከፍቼ ስወጣ ተሸካሚዎቹ ኩንታሉን በጫንቃቸው ላይ አድርገው «ዞር በል!» እያሉ ያልፋሉ፤ ደላላው ይጮኻል፤ ሴቶች ከጆንያ የፈሰሰውን እህል ጠርገው በሰፌድ ያበጥራሉ። ማኛው፣ ነጩና ሰርገኛው ጤፍ በየመደቡ ተለይቶ ይቀመጣል፤ አቧራው ግን ሳይለይ በሁላችንም ራስ ላይ ይወርዳል።

አባቴ ከመጋዘኖቹ በአንዱ የሚዛን ሠራተኛ ሆኖ አሳደገኝ። እኔም በእርሱ ድካም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ጂኦግራፊ አጥንቼ፣ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ።

አሁን የማወራው ግን ስለ እህል አይደለም። ብቻዬን ወደ ውጭ አገር ስላደረግሁት የመጀመሪያ ጕዞና ስለ ቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ነው። ከእህል በረንዳ መነሣቴ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አንባቢዬ ወደ ኋላ ይረዳልኛል።

ባለፈው ዓመት ለስድስት ሳምንት የመምህራን ሥልጠና ወደ ጀርመን አገር እንድሄድ ተመረጥሁ። ቲኬቱ እስከ ፍራንክፈርት ነው። በላዩም የመነሻው ቀን ረቡዕ፣ ሰዓቱ 00:45 ተብሎ ተጽፏል። ኢትዮጵያ ከግሪኒች በ3 ሰዓት እንደምትቀድም፣ የእኛ ሰዓት አቈጣጠርም ከፈረንጁ በ6 ሰዓት እንደሚለይ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምር ሰው ስለ ሆንሁ፣ ማንንም ሳልጠይቅ «ረቡዕ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45» ብዬ ለቤተ ሰቡ ነገርሁ። እናቴም ረቡዕ ማታ ጎረቤቱን ሁሉ ለሽኝት ጠራች።

ሰኞ ማታ አንዲት ጎረቤታችን ሊሰናበቱኝ መጡ። እኒህ ሴት በመርካቶ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ዱባይና ጓንግዡ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሱ ራሳቸውም አይቈጥሩትም። ትምህርታቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ሁላችንም እትዬ እያልን እንጠራቸዋለን።

«መቼ ነው በረራህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ረቡዕ ሌሊት ነው፣ እትዬ።»

«እስቲ ቲኬቱን አምጣው።»

መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ተመለከቱት። ከዚያም ቡናውን አስቀምጠው፣ «ይህ እኮ ለረቡዕ አጥቢያ ነው! ነገ ማታ ነው የምትሄደው! የፈረንጅ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑን ለተማሪዎችህ አታስተምርም?» አሉኝ።

አስተምራለሁ። ነገር ግን በሰሌዳ ላይ የማስተምረውን በራሴ ቲኬት ላይ አላነበብሁትም። ሰዓቱን በትክክል አስልቼ ቀኑን ሳትሁ። በእኛ ልማድ ሌሊቱ የሚከተለው የዋለውን ቀን ነው፤ ረቡዕ ውሎ ሲመሽ የረቡዕ ሌሊት ይሆናል። በቲኬቱ አቈጣጠር ግን ማክሰኞ በእኩለ ሌሊት አልቆ፣ ረቡዕ ከተወለደ ገና 45 ደቂቃው ነው። እትዬ ባይመጡ ኖሮ አይሮፕላኑ ከሄደ ከ24 ሰዓት በኋላ ሻንጣዬን ይዤ ቦሌ እደርስ ነበር። ሥልጠናው ይቀርብኝ፣ የቲኬቱም ገንዘብ ባክኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጕዞህ የሆነ ወዳጄ ሆይ፣ በቲኬትህ ላይ ያለው ሰዓት በ00 ወይም በ01 ወይም በ02 የሚጀምር የሌሊት ሰዓት ከሆነ፣ ከቤትህ የምትወጣው በቲኬቱ ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት ባለው ምሽት መሆኑን አስብ። «አጥቢያ» የምትለዋን ያገራችንን ቃል ከያዝህ አትሳሳትም። ወሩና ዓመተ ምሕረቱም የፈረንጅ መሆኑን አትርሳ።

ሽኝቱ በአንድ ቀን ቀደመ፤ ሻንጣውም በጥድፊያ ታሰረ። እናቴ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቋንጣና አንድ ጣሳ ቅቤ አዘጋጅታለች። ቲኬቴ የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ነው፤ የአንድ ኩንታል ሩብ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። አባቴ የምግቡን ሻንጣ በአንድ እጁ ከመሬት ብድግ አደረገና «27 ኪሎ ነው» አለ። በሚዛን ስንመዝነው 26 ኪሎ ተኩል ሆነ። አባቴ ግማሽ ኪሎ በመሳሳቱ አፈረ።

እትዬም፣ «የምትሄድበት አገር ይህን ሁሉ ያስገባልሃል?» ብለው ጠየቁኝ። መዝገቡን ከፍቼ ባነብ፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። ቋንጣውና ቅቤው ወጡ፤ ሚዛኑም ተስተካከለ። እናቴ ግን «ያለ ቅቤ የሚበላ ሽሮ ምን ሽሮ ነው?» እያለች እስከ ማታ አዘነች።

ማክሰኞ ማታ በ3 ሰዓት ተኩል ላይ ከሰፈር ተነሣን። በመንገድ ላይ አባቴ ስለ ድሮው አይሮፕላን ያወራ ጀመር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ አይሮፕላኖቹ በጦርነቱ ዘመን ያገለገሉ ዳግላስ ሲ-47 የሚባሉ ነበሩ። መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱም በመካከል ይደረደራል። «እንደ እኛ የጭነት መኪና መሆኑ ነው» ብሎ አባቴ ሳቀ። የዚያን ጊዜው ማረፊያ ልደታ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ፣ ለእነርሱ የሚበቃ ረዥም ሜዳ የተገኘው ቦሌ ላይ ነው። አሁን የውጭ አገር መንገደኛ የሚገባበት ትልቁ ሕንፃ በ1995 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በዓመት 22 ሚሊዮን ሰው እንዲያስተናግድ ሆኖ ሰፋ።

እነሆ ከዚያ ሕንፃ ደጃፍ ደረስን። ሸኚ አብሮ አይገባም። እናቴ ጉንጬን ስማ አገላብጣ ስትመርቀኝ፣ አባቴ ግን ሻንጣውን አንድ ጊዜ እንደገና ብድግ አድርጎ መዘነው። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ሆንሁ።

ከውስጥ ያለው ብርሃን ዓይን ይወጋል። ሰው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል። ቋንቋው ልዩ ልዩ፣ ጽሕፈቱ በየጣራው ላይ፣ ሰሌዳው በየደቂቃው የሚለዋወጥ ነው። ልቤ ይመታ ጀመር። ቀጥሎ ግን እትዬ ሲሰናበቱኝ የነገሩኝ ትዝ አለኝ። «አትፍራ፤ አይሮፕላን ማረፊያ ማለት እህል በረንዳ ነው። አንተ እዚያ ጆንያው ነህ» ብለውኝ ነበር።

በእርግጥም እንዲሁ ሆኖ አገኘሁት። በእህል በረንዳ ጆንያው ከመኪና ሲወርድ፣ ገዢው በሹል ብረት ወግቶ ጥቂት እህል በመዳፉ ያወጣና ይመረምራል። በደጃፉ ላይ እኔም ቀበቶዬንና ጫማዬን አውልቄ፣ ዕቃዬ በመመርመሪያው መሣሪያ ውስጥ አልፎ ተፈተሸ። ጆንያው ቀጥሎ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ የእኔም ሻንጣ ሚዛን ላይ ወጣ። ጆንያው ላይ የባለቤቱ ምልክት ይደረግበታል፤ በሻንጣዬም ላይ የምደርስበትን ከተማ የሚያመለክቱ ሦስት የላቲን ፊደላት ያሉበት ወረቀት ታሰረና ቅጂው ለእኔ ተሰጠኝ። ይህን ቅጂ ያልያዘ ሰው ሻንጣው ቢጠፋ ማስረጃ የለውም። ጆንያው ደረሰኝ ሳይቈረጥለት ከመጋዘን እንደማይወጣ ሁሉ፣ እኔም በኢሚግሬሽን መስኮት ፓስፖርቴ ሳይታተም ማለፍ አልተቻለኝም። ከዚያም ሁለተኛ ፍተሻ አለ። በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ውስጥ ውሃም ሆነ ሽቶ ወይም ማር፣ ዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ከሆነ አያልፍም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ የሚፈለግብህ አንድ ነገር ብቻ ነው። በደጃፉ ዕቃህ፣ በሚዛኑ ሻንጣህ፣ በመስኮቱ ፓስፖርትህ፣ በመጨረሻው በር ደግሞ የመሳፈሪያ ወረቀትህ። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚያስብ ሰው ይደነግጣል፤ በተራው የሚያስብ ሰው ያልፋል።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ብጨርስ ራሴን ብልህ አድርጌ ባቀረብሁ ነበር። ግን አልጨረስሁም፤ እውነቱ ይነገር።

ሁሉን ካለፍሁ በኋላ፣ በመሳፈሪያ ወረቀቴ ላይ አንድ ቁጥር አየሁና የበሩ ቁጥር ነው ብዬ ያንኑ ቁጥር ከያዘው በር ፊት ሄጄ ተቀመጥሁ። ገና ጊዜ ስላለኝ መጽሐፍ አወጣሁ። በአጠገቤ አንዲት ነጠላ የለበሰች ልጅ ተቀምጣ ነበር። ዕድሜዋ ከሃያ ሁለት የሚበልጥ አይመስልም። የሚያልፈውን ሠራተኛ ሁሉ እያስቆመች ትጠይቃለች። አንዱ ይመልስላታል፤ እርሷ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላውን ትጠይቃለች። እኔም በልቤ «ምን ያህል ብትፈራ ነው?» አልሁ።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ ፈረንጅኛ ታነብባለህ? ይህ በር የእኔ መሆኑን እይልኝ» ብላ ወረቀቷን ሰጠችኝ። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሥራ የምትሄድ ናት። አይሮፕላን ቀርቶ የአዲስ አበባን ከተማ ያየችው በዚያው ሳምንት ነው። ወረቀቷን ባይ፣ አንዱ ቁጥር በእስክሪብቶ ተከብቧል። «ይህን ማን ከበበው?» ብላት፣ «የሻንጣው ሚዛን ጋ ያለችው ልጅ ናት። በሩ የትኛው ነው ብዬ ብጠይቃት ከበበችልኝ» አለችኝ።

የተከበበው ቁጥር ያለበትን ቦታ በእኔ ወረቀት ላይ ፈለግሁ። በዚያ ቦታ ላይ ያለው የእኔ ቁጥር ሌላ ነበር። ለካ እኔ የበር ቁጥር ብዬ የያዝሁት የመቀመጫዬ ቁጥር ኖሯል! የእርሷ በር ትክክል ነው፤ የእኔ ግን ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሰዓቴን ባይ በሩ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል።

«እኅቴ፣ በርሽ ይህ ነው፤ አትነሺ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልኋት።

«በል ሩጥ፤ እግዚአብሔር ይከተልህ!» አለችኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ የሮጥሁበት ቀን የለም። ከበሩ ስደርስ የመጨረሻዎቹ ሦስት መንገደኞች ወረቀታቸውን እያሳዩ ነበር። ገብቼ፣ ያን ያሳተኝን ቁጥር ከወንበሬ በላይ ተጽፎ አግኝቼ ተቀመጥሁ። አይሮፕላኑ ተነሥቶ ሲዞር የከተማው መብራት ከታች ተዘረጋ። የመርካቶን ለመለየት ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። የዚያን ሰዓት አንዱ የእህል መኪና ከበረንዳው ደርሶ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ያቺ ልጅም ወደማታውቀው ሰው ቤት ለመሄድ ተራዋን እየጠበቀች ነው።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እርሷ ያልተማረች በመሆኗ ጠየቀች፤ እኔ የተማርሁ በመሆኔ አፈርሁ። ሠራተኞቹ በእኔ ላይ እንዳይስቁ ብዬ ዝም ስል ለስድስት ሳምንት ትምህርት የተሰጠኝን ዕድል ላጣ ነበር። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ፤ አሁን ግን ስነግራቸው ይህን ታሪክ እጨምርበታለሁ። እናንተም በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ አንድ ቀን ተራችሁ ደርሶ ከዚያ ደጃፍ ስትቆሙ፣ ዲፕሎማችሁን ከሻንጣው ሥር አድርጉትና አፋችሁን ክፈቱ።

በስድስተኛው ሳምንት ተመልሼ እትዬን ልጠይቃቸው ሄድሁ። ያመጣሁላቸውን መሐረብ ተቀብለው፣ «እህ፣ በሩ አልጠፋህም?» አሉኝ። ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ ተመላልሼ እስከ ዛሬ ሳልጠይቅ አልፌ አላውቅም» አሉኝና ቡናውን ቀዱልኝ።