ጣናን ፍለጋ ወደ ጉና

ነፋስ መውጫ ላይ ቆሞ ጣናን ማየት አይቻልም፤ በምዕራብ በኩል ጉና ይጋርደዋል። ለዚህም ይመስለኛል፣ ጋይንት ለሥራ በከረምኩበት ዘመን «ጉና አናት ውጣና ጣናን እየው» የማይለኝ ሰው አልነበረም። ከመካሪዎቼ አብዛኞቹ ራሳቸው ወጥተው እንደማያውቁ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መንገዱ ሰላም ነበርና በታኅሣሥ፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ ከክምር ድንጋይ በኩል አንድ አዛውንት ገበሬ ይዤ ተነሣሁ። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ በጣና ተፋሰስ የሚበልጠው ተራራ የለም። አናቱ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ስድስት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። እኔ ቁጥሩን አንብቤ ነበር፤ ሳንባዬ ግን አላነበበም። ሽማግሌው ስሮጥ አይተው ዱላቸውን ፊቴ አጋደሙ። «ረጋ በል ልጄ፤ ጉና የትም አይሄድ!»

ጋይንት ለችኩል ሰው ተመችቶ አያውቅም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚሁ አገር በጨጨሆ በኩል ሲያልፉ፣ መንገድ እያስጠረጉ ወራት ፈጅቶባቸዋል።

የገብሱና የድንቹ ማሳ አልቆ የጓሳው ሣር ሲጀምር፣ እግሬ ሥር ያለው መሬት ተለወጠ። በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ጓሳው ሥር ያለው አፈር ይረጥባል። ሽማግሌው በየጥቂቱ እየቆሙ በዱላቸው ያሳዩኛል፦ የዚህ ጎን ውኃ ርብን ይቀላቀላል፣ የዚያኛው ጉማራን፤ ሁለቱም ጣና ይገባሉ። ወደ እስቴና ስማዳ ያዘነበለው ግን ጣናን ሳይነካ በየገደሉ ወርዶ ዓባይ ይገባል። አንድ ሸንተረር የዝናቡን ዕጣ ይለያል። እኔ ግን ልቤ አናቱ ላይ ነበርና «እሺ አባባ» እያልኩ አለፍኩት።

አናቱ ላይ ስንደርስ ረፍዷል፤ ጭጋግ ቆላውን ሞልቶታል። በምዕራብ በኩል ነጣ ያለች ነገር አየሁ። ጣና ትሁን ደመና፣ ዛሬም ምዬ አልናገርም። ፊቴ መጥቆሩን ሽማግሌው ሲያዩ ከልባቸው ግራ ገባቸው። «ጠዋት ሙሉ ስትረግጠው የመጣኸው ምን ነበር?» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም። ለእርሳቸው ጣና የሚታየው እዚያ ታች ሳይሆን እዚህ ከጅብራው ሥር ነበር።

ስንወርድ ዓይኔን ከአድማስ አንሥቼ መሬት ላይ ጣልኩ፤ ያን ጊዜ ነው ቁም ነገሩን ያየሁት። እርሻው ጓሳውን እየገፋ በጣም ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ወጥቷል። ጓሳ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ያሰርገዋል፤ የታረሰ ተዳፋት ግን ከነአፈሩ ይለቀዋል። በክረምት ርብና ጉማራ ደፍርሰው ፎገራን የሚያጥለቀልቁት፣ ደለላቸውንም በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚያራግፉት ለዚህ ነው። ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው ንጥረ ነገር ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ለታየው እምቦጭ ቀለብ ይሆነዋል።

ይህን ሳነሣባቸው ሽማግሌው አልተከራከሩም። የልጃቸው ማሳ ጓሳው ውስጥ ገብቷል። «ልጁ ጎጆ ወጣ፤ መሬቱ ከየት ይምጣ?» አሉ። ከተማ ሆኜ ስለ ጓሳ አራሾች ብዙ ተናግሬ ነበር፤ እዚያ ግን የምመልሰው አጣሁ።

ጉና የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ መከለሉ መልካም ነው። ነገር ግን አጥር ብቻውን ለልጁ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ባሕር ዳር በጀልባ ሽርሽር የሚወጣ፣ ዘጌ የሚሻገር፣ በሐይቁ ዳር አሣውን የሚበላ ሁሉ ከሚከፍለው ላይ ጥቂቷ ጓሳውን ሳያርስ ለሚተው ገበሬ ብትደርስ፣ ለእኔ ፍትሐዊው ሒሳብ እርሱ ነው። አሁን ግን ወጪው ሁሉ የደገኛው፣ ሐይቁ የቆለኛው ሆኗል።