የካሶኒው አሸዋ

ኅዳር 16፣ ሚኒያፖሊስ

ሌሊቱን የጣለው በረዶ በመኪና ተረግጦ ጠጥሯል። ጎረቤቴ የሆነው ወጣት በቅርቡ የገዛውን አሮጌ ፒክአፕ ከመንገድ ዳር ሊያወጣ ሲታገል አየሁት። የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ መኪናው ወደ ጎን ይንሸራተታል እንጂ ወደፊት አይልም። ወርጄ ነዳጅ መርገጡን እንዲተው ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ጎማው እኮ ደህና ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ የጎደለው ጎማውን የሚጫነው ነገር ነው። ሞተሩም ጋቢናውም ፊት ላይ ናቸው። ባዶ ፒክአፕ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማውን ብቻ ኋላ ላይ ያሳርፋል፤ የሞተሩ ኃይል ደግሞ የሚሄደው ወደዚያው ወደ ቀለለው ጎማ ነው። አገር ቤት ፒክአፕ ጭቃ ሲይዘው ሾፌሩ «ካሶኒው ላይ ውጡ» ይለን ነበር። ተጨናንቀን ስንቆምለት ጎማው መሬት ይቆነጥጣል። እዚህ የሰዉን ቦታ የሚተካው አሸዋ ነው።

ኅዳር 18

አብረን ወጣን። በዚህ ወቅት የግንባታ ዕቃ መደብሮች ረጃጅም የአሸዋ ከረጢቶች ይደረድራሉ፤ አንዱ 60 ፓውንድ፣ ማለትም 27 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ገዛን። ለእሱ መኪና ይበቃል፤ ዕቃ የማመላለስ ሥራ ስለሚሠራ ጭነት ሲያገኝ የአሸዋውን ክብደት መቀነስ አለበት። መኪናው የሚችለው ልክ በሾፌሩ በር ጎን በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ከረጢቶቹን ከኋለኛው ስፖንዳ አጠገብ መደርደር ጀመረ፤ ለማንሣት የሚቀለው እዚያ ነውና። አስቆምኩት። ቦታው ከኋላ አክስሉ በላይ ነው፤ ቢበዛ ጥቂት ወደ ጋቢናው ይጠጋ። ከአክስሉ አልፎ ወደ ኋላ የሄደ ክብደት የመኪናውን ፊት ወደ ላይ ያነሣል፤ መሪው የሚታዘዘውም አብዛኛው ፍሬን የሚይዘውም በፊት ጎማ ነው። በአንዱ በኩል ያገኘነውን በሌላው እንከስራለን ማለት ነው።

ከዚያ ከከረጢቶቹ ፊትና ኋላ ሁለት አግዳሚ እንጨት አድርገን በማሰሪያ ጠፈርነው። ስለ ማሰሩ ከማንም ጋር አልደራደርም። መኪና በድንገት ሲቆም ያልታሰረ ዕቃ በነበረበት ፍጥነት ወደ ጋቢናው ይመጣል። ብሎኬት የሚጭኑ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር የምፈራው ለዚህ ነው፤ ከረጢቱ ቢፈነዳ አሸዋ ይበትናል፣ ብሎኬቱ ግን መስታወት ሰብሮ ሰው ጋ ይደርሳል። በካሶኒው የተከመረውን በረዶ እንደ ጭነት የሚቆጥሩም አሉ። እሱ ይቀልጣል፣ መንገድ ላይም እየበነነ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ያሳውራል።

ታኅሣሥ 12

ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገብቷል። ተራው የመንገድ ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ሥራው ይዳከማልና አስፋልቱ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። ልጁ ደስ ብሎታል፤ ዳገቱን ያለ ችግር ይወጣል፣ መታጠፊያ ላይም የኋላው አይወረወርም። እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ልበ ሙሉነቱ ነው። ባዶ ማቆሚያ ሜዳ ወስጄ በቀስታ እያስነዳሁ ፍሬን አስያዝኩት፤ መኪናው ዝም ብሎ ተንሸራተተ።

አሸዋው ለመነሣት ነው፤ ለመቆም አይረዳም። ክብደት ሲጨመር የጎማው ሰበቃ ያድጋል፣ መቆም ያለበት ግዝፈትም በዚያው ልክ ያድጋል፤ ስለዚህ የማቆሚያው ርቀት አያጥርም። ለመቆም የሚረዳው በብርድ የማይደርቅ የክረምት ጎማና ከፊት ካለው መኪና መራቅ ነው። ከሚቀጥለው ደመወዙ ጎማውን እንዲገዛ አጥብቄ ለመንኩት።

ጥር 11

ለጥምቀት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የአንዲት እናት መኪና መግቢያው ላይ በረዶ ይዟት አገኘናት። ልጁ አንዱን ከረጢት ቀዶ አሸዋውን ከጎማዎቹ ፊት በተነ፤ ወጣች። «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉን። አሸዋው የተበተነው በሸራ ተሸፍኖ ደረቅ ስለቆየ ነው፤ ውኃ የገባበት ቢሆን ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀን ነበር።

መጋቢት 21

በረዶው እየሟሸሸ ነው፤ ልጁ የቀሩትን ከረጢቶች ላውርድ አለኝ። በየ100 ፓውንዱ 1 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይባክናል፣ ባሌስትራውም ያለ ጥቅም ይጫናል። ነገር ግን ሚኒሶታ ሚያዝያ ላይም በረዶ ይጥላል። አንዱን አወረድን፤ ሁለቱ እስከ ፋሲካ ይቆያሉ።